ስም አውጪዋ ምን አለችው?

ጥቅምት 6

ይህን ማስታወሻ የምይዘው የገባና የወጣ ዕቃ እንዳይምታታብኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የንድፍ ክፍል ጋር የምጻጻፈውንም እዚሁ እገለብጣለሁ። ፋብሪካው ሩቅ ነው። የጭነት መኪናው ሲመጣ ደብዳቤ ይመጣል፣ ሲመለስ መልስ ይሄዳል። በመካከሉ ሰው ያለውን ይረሳል። እኔ መርሳት አልወድም።

*

ጥቅምት 6

ለተከበሩ የንድፍ ክፍል ሠራተኛ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ትዕዛዜ ላይ «ቤት ኪራይ ጨመረ» የሚል አንብበው ግራ ቢገባዎ አልፈርድብዎትም። ስድብ አይደለም፤ አቤቱታም አይደለም። ቁጥር 27 ማለቴ ነው፤ ሰማያዊው፣ ነጫጭ አራት ማዕዘን ያለበት። ማዕዘኖቹ ወደ ጠርዙ ሲጠጉ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ልጄ ጣቃው ገና ሲፈታ አየችውና «ክፍሉ ጠበበ፣ ኪራዩ ግን ጨመረ» አለች። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሴቶች በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በቁጥሩ የጠየቀኝ የለም። «አራት ሜትር ቤት ኪራይ ጨመረ ቁረጪልኝ» ነው የሚሉኝ፤ እኔም ሳላስበው ትዕዛዙ ላይ እንደዚያው ጻፍኩት።

በእኛ ገበያ ስም ያልወጣለት ጨርቅ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል። ስም የምታወጣው ልጄ ናት። እኔ አልችልበትም። ጨርቅ ሳይ የሚታየኝ ስፋቱ፣ ክብደቱና ሲታጠብ መልቀቅ አለመልቀቁ ነው።

ስላደናገርኩዎ ይቅርታ። ቁጥር 27ን ቶሎ ይላኩልኝ።

የጨርቅ ነጋዴዋ

*

ኅዳር 1

የተከበሩ ደንበኛችን፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት።

ጠረጴዛዬ ከማተሚያው ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ማሽኑ ሲነሳ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥ ያለ መስመር የማሰምረው ማሽኑ ሲቆም ጠብቄ ነው። ስጨርስ ንድፉ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ጨርቁ ላይ ይታተማል፣ በጣቃ ተጠቅልሎ ከግቢው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማን እንደለበሰው፣ ምን እንደተባለ አላውቅም። ልጅ ወልዶ በተወለደበት ቀን መኪና ላይ አሳፍሮ መላክ ማለት ነው። ጢሜ እስኪሸብት ድረስ ስንቱን እንዲህ አሳፈርኩ! አሁን ግን አንዱ ስም ወጥቶለት ሰው ቤት ገብቷል ለካ።

ለልጅዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ማዕዘኖቹ የጠበቡት ሆን ብዬ አይደለም፤ ወረቀቱ አልቆብኝ ነው። አለቃዬ ግን እንዳይሰማ።

ሌሎቹንስ? ቁጥር 14ን፣ ቁጥር 31ን፣ ቁጥር 8ን ምን አለቻቸው? ደግሞስ እነዚህን ስሞች ከየት ነው የምታመጣቸው?

የንድፍ ክፍል ሠራተኛው

*

ኅዳር 27

ለንድፍ ክፍል ሠራተኛ፣

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ። ልጄን ትንሽ አሟት ነበር። ድካም ቢጤ ነው፤ ይተዋታል።

ደብዳቤዎን አንብባ «ባለ ቁጥሩ» አለችዎ። እንዳይቀየሙ። ለሰው ስም ካወጣች ወዳዋለች ማለት ነው፤ ላልወደደችው ስም አታባክንም።

ቁጥር 14፣ ቅጠሎቹ ጀርባ ለጀርባ የዞሩት፣ «ተኳርፈናል» ይባላል። ባልና ሚስት ሆነው ሲመጡ አላወጣውም። ቁጥር 31፣ ጥቁሩ፣ «ሰምቻለሁ» ነው። ስለ ሰፈሩ ሁሉ እያወቀች ትንፍሽ የማትል ሴት ትመስላለች አለች። እውነትም እንደዚያ ዓይነት ሴቶች ናቸው የሚገዙት። ቁጥር 8፣ ክብ ክቡ፣ «የጎረቤት ዓይን» ነው። እሱ አይቆይልኝም፤ በገባ በሳምንቱ ያልቃል።

ከየት ታመጣዋለች ላሉኝ፣ እኔም አላውቅም። ከትንሽነቷ ጀምሮ ለእሷ ቃል ሁሉ ሰው ነው። «ምናልባት» ቀጭን ልጅ ናት ትላለች፤ በር ላይ ትቆማለች እንጂ ግቢ ሲሏት አትገባም። «እንዲያውም» ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ሲቀመጥ አግዳሚው ላይ ያሉትን ሁሉ ይገፋል። «ግን» ደግሞ ሳያንኳኳ የሚገባ ጎረምሳ ነው። እኔ ለዚህ ጊዜ የለኝም። ለእኔ «ምናልባት» ማለት ሴትዮዋ አትገዛም ማለት ነው። ይህን ስላት «እማ፣ አንቺ ቃላቱን ከሱቅ ታስወጫቸዋለሽ፣ እኔ ወንበር እሰጣቸዋለሁ» አለችኝ።

የጨርቅ ነጋዴዋ

*

ታኅሣሥ 20

የተከበሩ ደንበኛችን፣

ለልጅዎ ምሕረትን እመኛለሁ። ባለ ቁጥሩ መባሌን ለማተሚያ ክፍል ሰዎች ነግሬ አሁን ሁሉም እንደዚያው ይጠሩኛል። ደመወዝ ያልጨመረልኝን ሹመት ልጅዎ ሰጠችኝ።

ከዚህ ጋር ናሙና 40 አለ። ለአለቃዬ ገና አላሳየሁትም። ግራጫ ነው፤ ሰዎቹ ይህ የመጋረጃ ጨርቅ ነው ብለውኛል። ፊት ለፊት ሲያዩት ምንም የለበትም። ሲታጠፍ ግን እጥፋቱ ውስጥ ብርቱካናማ መስመር ብልጭ ይላል። እንዳትቸኩል፣ አገላብጣ ትየው። መልሷን እንዳይረሱብኝ ከናሙናው ወረቀት ግርጌ ጥያቄዬን ጽፌዋለሁ፦ «ስም አውጪዋ ምን አለችው?»

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃት። «ዝምታ» ምን ዓይነት ሰው ናት?

ባለ ቁጥሩ

*

ጥር 3

ሐኪሙ የበሽታዋን ስም ነገረን። ረጅም የውጭ ቃል ነው። ሁለት ጊዜ ደገመችውና «ሲጠሩት እንዴት ደስ ይላል እማ! ጨርቅ ቢሆን በአንድ ቀን ያልቅ ነበር» አለች። ሐኪሙ ሳቀ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ማጽዳት ጀመረ። መነጽሩ ቆሻሻ አልነበረውም። ያኔ ነው የገባኝ።

ቤት ስንገባ ናሙናውን ብርድ ልብሷ ላይ ዘርግታ በጣቷ እያጠፈች ስትዘረጋው አመሸች።

*

ጥር 12

ለባለ ቁጥሩ፣

እንደምን ከርመዋል?

ናሙና 40ን «ደህና ነኝ» ብላዋለች። ከላይ ግራጫ፣ ጨዋ፣ ረጋ ያለ። ገለጥ ሲያደርጉት ግን ውስጡ ይነድዳል። «ባለ ቁጥሩ ሰዎች ደህና ነኝ ሲሉ ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው ነው» ብላለች። ይህን ቃል በቃል ጻፊለት ብላኝ ነው የጻፍኩት።

«ዝምታ» አሮጊት ናት አለች። ወንበር ስጧት እንጂ አታስለፍልፏት።

ስለ ጤናዋ ለጠየቁን እናመሰግናለን። ሐኪም አይቷታል፣ መድኃኒት ጀምራለች። ጨርቁ ከታተመ መጀመሪያ ለእኔ ይላኩልኝ፤ ተፈላጊ ይሆናል።

የጨርቅ ነጋዴዋ

*

የካቲት 11

ልጄን ትናንት ቀበርን። ሱቁ ዝግ ነው።

*

የካቲት 23

ሱቅ ከፈትኩ። ደንበኞች ይገባሉ፣ ጨርቁን ይዳስሳሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያጽናሽ» ይሉና ይወጣሉ። ስሟን ሊጠራ የሚደፍር የለም። አንዲቱ «ተኳርፈናል»ን ልትጠይቅ መጥታ ቃሉ አፏ ላይ ቀረ፤ በጣቷ ጠቆመችኝ። ቆረጥኩላት።

ከሰዓት የጭነት መኪናው መጣ። ደብዳቤ ነበረው።

*

የካቲት 9

እህቴ፣

«ደንበኛችን» ማለቱ ከበደኝ፤ ካልተቀየሙ እህቴ ልበልዎት።

ናሙና 40ን ለአለቃዬ አሳየሁት። «ይሄማ ጨለማ ነው፣ ማን ይለብሰዋል?» አለ። «ስሙ ደህና ነኝ ነው» አልኩት። ጨርቁን አጠፈና እጥፋቱን ገልጦ አየ። የሰውየው ቤት ሰላም እንደሌለ ግቢው ሁሉ ያውቃል። «ይታተም» አለኝ። ሰው አንድ ቃል ሲያጣ ምን ያህል እንደሚቸገር ያኔ አየሁ።

ናሙና 43ን ልኬያለሁ፤ ቡናማ ላይ ቢጫ ነው። ድሮ ስስል የማስበው አለቃዬ ምን ይላል ብዬ ነበር። አሁን የማስበው እሷ ምን ትላለች ብዬ ነው፤ ይንገሯት። ስም አውጪዋ ምን አለችው?

ባለ ቁጥሩ

*

የካቲት 24

ልነግረው ወረቀት አወጣሁ። ሰላምታውን ጻፍኩ። ቀጥሎ ያለውን ጻፍኩና ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ፣ ቀደድኩ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። በዚህ ገበያ የማያውቅ የለም። ልጄ ምን እንደምትል የሚጠይቀኝ ሰው በዓለም ላይ አንድ ቀርቷል። ብነግረው እሱም ይተዋል። ትርፍና ኪሳራውን እንደ ማንኛውም ዕቃ መዘንኩት። አልነግረውም።

*

የካቲት 25

ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ናሙና 43ን «ወርቃማ ውበት» ብላዋለች። ሰላም ብላዎታለች።

የጨርቅ ነጋዴዋ

*

መጋቢት 19

እህቴ፣

እንዲህ ስል አይቆጡኝ። «ወርቃማ ውበት» የሳሙና ስም ነው። ከስም አውጪዋ አፍ አልወጣም። ወይ ንድፉ ደብሯት ላለማስከፋት ያለችው ነው፣ ወይ ደግሞ እኔ ሳላውቅ አስቀይሜያታለሁ። ያለፈው ደብዳቤዬ ላይ አበዛሁት ይሆን? ሽማግሌ ነኝ፣ ሲወዱኝ ቅጥ አጣለሁ። ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ንድፉ መጥፎ ከሆነም መጥፎ ነው ትበለኝ። ከእሷ የመጣ ስድብ ይሻለኛል።

ናሙና 44ን እንደ መታረቂያ ትቁጠርልኝ። ነጭ ላይ ሰማያዊ ጭረቶች ናቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ። ምን አለችው?

ባለ ቁጥሩ

*

መጋቢት 30

ደብዳቤውን ሳነብ ክር ሻጯ መጣች። ሱቋ ከእኔ ፊት ለፊት ነው፤ በሬ ላይ የሚሆነውን ከእኔ ቀድማ ታውቃለች።

«ምን ይላል ሰውየሽ?»

«የሳሙና ስም ነው አለኝ።»

«አልዋሸም! ‹ወርቃማ ውበት›! እኔ ራሴ ስሰማው እጄን ልታጠብ ነው ያማረኝ።»

ሳቅኩ። ስስቅ ደነገጥኩ። እሷም ደነገጠች መሰለኝ፣ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ንገሪው እንጂ፣ የኔ እህት። የሞተ ሰው ታሠሪያለሽ እንዴ?»

«አላሠራኋትም። እሱ እንዲጠይቃት ብዬ ነው።»

«እሱስ? ያ ምስኪን አኮረፈችኝ ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። አንቺ የምታውቂውን እሱ አያውቅም። ስትሸጪ እንዲህ አድርገሽ ታውቂያለሽ? ቀዳዳ ያለበትን ጨርቅ አጥፈሽ ትሰጫለሽ?»

«አልሰጥም።»

«እኮ!»

ክር ሻጭ ስለ ጨርቅ ንግድ ምን ያውቃል ልላት ነበር። ልክ ስለሆነች ተውኩት። ልክ ብትሆንም ለባለ ቁጥሩ አልነገርኩትም።

*

ሚያዝያ 4

ወንድሜ፣

አልተቀየመችዎትም። ስለ 43 ጥፋቱ የንድፉ አይደለም፤ ቸኩለን ነው።

ናሙና 44ን «መጣሁ» ብላዋለች። ጭረቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሮጣሉ፤ እስከ ጨርቁ ጫፍ ቢከተሏቸው ግን አንዱም ዳር አይደርስም። «መጣሁ» ችኩል ሰው ነው፤ ከደጅ ይጮሃል፣ ድስት ያስጥዳል፣ ወንበር ያስጠርጋል። አይመጣም።

የጨርቅ ነጋዴዋ

*

ሚያዝያ 4

ይህን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስለ ጨርቁ እያሰብኩ አልነበረም። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ በሩን እያየሁ ነበር።

*

ሚያዝያ 28

እህቴ!

«መጣሁ»! ታረቀችኝ ማለት ነው። ይሄ የእሷ ነው፤ ሌላ ማንም አይለውም። ለማተሚያ ክፍል ሰዎች ሳነብላቸው አንዱ «እኔ ለሚስቴ በየቀኑ የምላት ይሄን ነው» ብሎ አንገቱን ደፋ።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። አለቃዬ ተስማማ። ከእንግዲህ በጨርቁ ጠርዝ ላይ ከቁጥሩ ጎን ስሙም ይታተማል። «ደህና ነኝ» እንደዚያ ታትሞ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት፤ ሜትር በሜትር፣ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለ ከማሽኑ ይወርዳል።

የመጀመሪያውን ጣቃ በሰው እጅ አልልከውም። በሚቀጥለው መኪና ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ሹፌሩ ጎን ቦታ ይዣለሁ፣ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ኮቴንም ለእጥበት ሰጥቻለሁ። ስም አውጪዋን ባይኔ ልያት። ምን ትወዳለች? ባዶ እጄን መምጣት አልፈልግም።

ባለ ቁጥሩ

*

ግንቦት 8

ወንድሜ፣

አይምጡ። ልጄ የለችም። የካቲት 10 አረፈች።

የእሷ የመጨረሻው «ደህና ነኝ» ነው። «ወርቃማ ውበት»ም «መጣሁ»ም የእኔ ናቸው።

ያልነገርኩዎ ንግድ እንዳይበላሽብኝ ፈርቼ አይደለም። የእርስዎ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እሷ ወደ ውስጥ ክፍል ገባ ያለች ይመስለኝ ነበር። «ምን አለችው?» ሲሉኝ ቀና ብዬ ልጠራት እደርስ ነበር። እዚህ እንደዚያ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። አጥቼው መክረም ስላልቻልኩ ዋሸሁዎት።

ምን ትወዳለች ላሉኝ፣ የተላጠ ብርቱካን ትወድ ነበር። ራሷ መላጥ ይሰለቻት ነበር።

ይቅርታ የምጠይቅዎ ስለ ልፋትዎ ነው። ቦታ ይዘዋል፣ ኮት አሳጥበዋል።

የጨርቅ ነጋዴዋ

*

ሰኔ 2

እህቴ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ኮቴን ስተኩስ ነው።

እናንተ ለቅሶ ተቀምጣችሁ ተነሥታችኋል። ወዳጅ ዘመድ መጥቷል፣ ያጽናሽ ብሏችኋል። እኔ ዘንድ የሞተችው ግን ትናንት ነው። ማተሚያ ክፍል ገብቼ «ሰው ሞቶብኛል» አልኩ። «ማን?» አሉኝ። ምኔ ናት ልበላቸው? መልኳን አላየሁ፣ ድምጿን አልሰማሁ። ልጄ እንዳልል አልወለድኳት፤ ወዳጄ እንዳልል በዕድሜ የልጅ ልጄ ትሆናለች። ይህን ሁሉ ስም ሰጥታኝ ለእሷና ለእኔ የሚሆን ስም አጣሁ። «ስም አውጪዋ» አልኳቸው። ማሽኑን አጠፉልኝ። የማሽኑ ድምፅ በሥራ ሰዓት ሲጠፋ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወንበር ሰጡኝ፣ ማንም አላስለፈለፈኝም።

ተቆጥቻለሁ። ያቺን ልጅ አፈር አልብሰዋት እኔ ቀልድ ስጽፍላት ነበር። ስለ ኩርፊያዋ ስጨነቅ ነበር። ያን መልሶ ማን ይወስድልኛል? ግን ስቆጣም የምቆጣበት ሰው አላገኘሁም። እርስዎ ላይ አልችልም።

«መጣሁ» የእርስዎ ነው ካሉ በጠርዙ ላይ እንዲቀር አደርጋለሁ። «ወርቃማ ውበት»ን ግን በቁጥሩ እንላከው።

ከእንግዲህ በጥያቄዬ ቁስልዎን አልነካም። እግዜር ያጽናዎ።

ባለ ቁጥሩ

*

ሐምሌ 5

ዕቃው ደረሰ። «ደህና ነኝ» ገብቷል። ጠርዙ ላይ ስሙ ታትሟል። ክር ሻጯ አንድ ሜትር ያህሉን ዘርግታ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ ሲያልቅ መልሳ አጠፈችልኝና ወደ ሱቋ ሄደች።

ከጣቃዎቹ መሐል ናሙና 47 ነበር። አረንጓዴ ነው፤ ጥቋቁር ነጥቦች አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበው ሌላው ሜዳ ባዶ ቀርቷል። ወረቀቱን አነበብኩ። ቁጥር፣ ስፋት፣ የቀለም ዓይነት። ግርጌው ላይ ምንም የለም። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ፖስታውን በመቀስ ከፍቼ ውስጡን አየሁ።

*

ሐምሌ 6

ወንድሜ፣

እንደምን ከርመዋል? «ደህና ነኝ» በሙሉ ደርሶኛል። ሕትመቱ ንጹሕ ነው። ናሙና 47ም ደርሷል። በሙቅ ውሃ አጥቤ አየሁት፣ አይለቅም። ስፋቱ ልክ ነው። ለክረምት ልብስ ግን ሳሳ ይላል፤ ክሩን ጠንከር ያድርጉልኝ።

ከወረቀቱ ግርጌ ጥያቄውን አላገኘሁትም። ለእኔ ብለው እንደተዉት ገብቶኛል።

እባክዎ ይጠይቁኝ።

የጨርቅ ነጋዴዋ